ስሕተት የተጻፈባቸው የኔታ ሣህሉ

የኔታ ሣህሉ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሰናይት ናት። ሰናይት በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤታችን የመረጃ መስኮት ላይ ተቀምጣ ባለጉዳይ የምታስተናግድ ልጅ ናት። «የኔታ እኮ ዐረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው፤ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ በስልክ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። ለምን አሁን ሞቱ ብዬ ተናደድኩ። የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ፆሙ ይፈታ ስል፣ ክረምቱ ይውጣ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ኋላ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ፤ እስካሁንም አልወጣልኝም።

የኔታ የምንላቸው አስተምረውን አልነበረም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ አካባቢ ቅኔ ተቀኝተው፣ መሪጌታ ተብለው፣ ኋላ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጥረው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ታይፑ በኮምፒውተር ሲተካ እሳቸውን የሚተካ አልተገኘም። ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ወረቀት፣ መመሪያም ይሁን የስብሰባ ጥሪ፣ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ማኅተም አያርፍበትም ነበር።

ፊደሉ የተሳሳተ ወረቀት ሲመጣላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኩና «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ ልክ የሰው ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጣራ እንግዳ። ትንሽ ጆሯቸውን ሰጥተው ይቆዩና «የለም፤ ጸሐፊው ቤት የለም» ብለው ወረቀቱን ይመልሳሉ። በዚህ ዓይነት ያልተመለሰ ሠራተኛ የለም።

አንድ ጊዜ «የአመት ፈቃድ» እንዲሰጠኝ ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። አዩት፤ አንኳኩት፤ ቀና አሉ።

«ገረድ አለችህ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ የለችኝም፤ ምነው የኔታ?»

«በአልፋው አ ስትጽፋት እኮ አመት በግዕዝ ገረድ ናት። የገረድህን ፈቃድ እኔን ምን አስጠየቀህ? ዘመኑን የምትል ከሆነ ዐይኑ ዐ አለልህ፤ ሂድና ጽፈህ ና።»

ሳምንቱን ሙሉ የቢሮው ሰው ሁሉ «ገረድህ ደኅና ናት?» እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ። እኔም በሽቄ ነበር። ሥራ ተደራርቦብኝ አንዲት ደብዳቤ ለአንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ ስትመለስብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። «የኔታ፣ ቁም ነገሩ እኮ ፊደሉ አይደለም፤ ሰው እስከገባው ድረስ ምን ቸገረን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀ ይባላል» አሉኝ፤ «በእሳቱ ሰ ስትጽፈው ፀሐይቱ ሌባ ሆና ዐረፈችው። ፀሐይን ሌባ ያለ እጅ ለሰው ይመለሳል?»

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በዚያ ሰሞን ድረ ገጻችን ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት እንዲኖር ተወሰነ። ባለጉዳዩ ጥያቄውን ይጽፋል፣ ረዳቱ መመሪያውን ጠቅሶ ይመልሳል። ረዳቱ አንደበቱ ማር ነው፤ ነገር ግን በራሱ ሄዶ መዝገብ አያገላብጥም። ከድረ ገጹ ጽሑፍ ፈልጎ የሚያቀብለው ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ያንን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሙንም «ፈላጊ» አልነው። ፈላጊ የጥያቄውን ዋና ዋና ቃላት ይዞ ሄዶ፣ ቃላቱ ፊደል በፊደል የሚገኙበትን ገጽ ያመጣል። የማይረባ ገጽ እንዳያግተለትል ብዬ፣ አንድ ቃል እንኳ ከጎደለ እንዲዘለው አደረግሁት። ፈላጊ ባዶ እጁን ሲመለስ ረዳቱ «በዚህ ጉዳይ ላይ የወጣ መመሪያ የለም» ብሎ በትሕትና ይመልሳል። አልተገኘም ማለትና የለም ማለት የተለያዩ መሆናቸውን የነገረው ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የኔታን ጠርቼ አሳየኋቸው። ያስገባሁት መመሪያ ሁሉ በእሳቸው እጅ የተጻፈ ስለሆነ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን ብዙ ቆይተው ተመለከቱት።

«ፈላጊ ነው ያላችሁት?»

«አዎ የኔታ።»

«ይፈልጋል?»

«አዎ፣ ይፈልጋል።»

«ቃሉን መፈለጉንማ ነገርከኝ። ማግኘት ይፈልጋል ወይ ነው የምልህ።»

ሣቅሁ። የቅኔ ሰው ስለሆኑ በቃል መጫወታቸው መሰለኝና ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። ያን ሰሞን በሥራ ዝርዝሬ መጨረሻ ላይ «ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ መፈለግ» የሚል ነገር ተጽፎ ነበር። ሀን፣ ሐን፣ ኀን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ አንና ዐን እንደ አንድ ቆጥሮ መፈለግ ማለት ነው። ጽሑፉ አይነካም፤ የሚቀየረው አፈላለጉ ብቻ ነው። ግን ምረቃው ሐሙስ ነበርና ተውኩት። የኔታም ፊደል አደባለቅህብኝ ብለው ይቆጣሉ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ምረቃው አማረ። በእንግዶቹ ፊት እየጻፍኩ ጠየቅሁ፤ ረዳቱም እያከታተለ መለሰ፤ ተጨበጨበ። ጥያቄዎቹን ከመመሪያዎቹ ላይ ቃል በቃል ቀድቼ እንደጻፍኳቸው የገባቸው የኔታ ብቻ ነበሩ። በአጠገቤ ሲያልፉ «ራስህ ጠያቂ፣ ራስህ ተጠያቂ፤ እንዲህ ያለ ፈተናማ እኔም አልወድቅ» ብለውኝ ሄዱ። ከፋኝ። የሽማግሌ ቅናት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ያኔ ሰው ሁሉ የሚቀናብኝ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ትርንጎ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከደብረ ኤልያስ ገጠር፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እግራቸው ተሰብሮ በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። ማረስ ስለማይችሉ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከምርቱ እየተካፈሉ ይኖሩ ነበር። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ «ራሷ አታርስም» ብሎ ማሳውን ለሌላ ሰው መራው። ቅሬታ ካላቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርቡ፣ ሲያቀርቡም የሚከራከሩበትን የመመሪያ ቁጥር ይጥቀሱ ተባሉ። ቀለም ያልቆጠሩ ሴት ቁጥሩን ከየት ያመጣሉ? «ደብረ ማርቆስ ሄደው ኮምፒውተሩን ያስጠይቁ» አሏቸው።

በስምንተኛው ቀን ሰናይት መስኮት ላይ ቆሙ። ሰናይት ጥሩ አድርጋ ጻፈችላቸው፦ አቅመ ደካሞች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ቢሰጡ ይዞታቸው ይነካል ወይ? ረዳቱ የለም አለ። ሄዱ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሰናይት ወደ ክፍሌ ገብታ «እኚያ እናት ተመልሰው መጡ እኮ፤ ፈላጊ ምንም አያመጣም» አለችኝ። ከስክሪኑ ላይ ዐይኔን ሳላነሣ «ካላመጣ የለም ማለት ነዋ» አልኳት። እንዲህ ብዬ መመለሴን ሰናይት ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁትም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሠላሳው ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። የኔታ ፋይል ተሸክመው በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰናይት «እማማ፣ የለም ነው የሚለው» ስትል ሰሙ።

«ምኑ ነው የለም?» ብለው ቆሙ።

ሰናይት ነገረቻቸው። የኔታ ፋይሉን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው አንቀጹን እንዳለ በቃላቸው አነበነቡት። ዐቅመ ደካሞች፣ ሕሙማንና አሳዳጊ የሌላቸው ልጆች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ቢሰጡ ይዞታቸው አይነካም ይላል። የመመሪያውን ቁጥርም ጨመሩ። «ማነው የለም ያለው? በእጄ የጻፍኩት!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበርና ከክፍሌ ወጣሁ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ አዩ። አቅመ፣ በአልፋው አ። መመሪያው ላይ ያለው ዐቅመ ነው፣ በዐይኑ ዐ። ገባቸው። ለማስተማር አንድም ቃል አልተነፈሱም። እማማ ትርንጎ ግን ተስፋቸው መጣና «አለ? አለልኝ አሉ?» ብለው የኔታን ክንዳቸውን ያዙ። «አለልዎ እናቴ። ቀኑ ነው የጠፋብዎ» አሉ የኔታ።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። ኀላፊያችን ተቆጥተዋል፤ የተቆጡት ግን ስለ ሴትዮዋ አልነበረም።

«ሥርዓቱ ችግር አለበት ብለን ማስታወቂያ ልንጽፍ ነው? ተጠናቆ ሥራ ላይ ውሏል ብለን ለበላይ አስታውቀናል እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ችግሩ ምንድን ነው? ባጭሩ።»

«ችግሩ ከአጻጻፉ ነው» አልኩ።

ባጭሩ ተባልኩና ባጭሩ ተናገርኩ። ሕዝቡ በአልፋው አ ነው የሚጽፈው፣ መመሪያው በዐይኑ ዐ ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ አይገጥምም ብዬ አብራራሁ። አንዱም ውሸት አልነበረም። እንዲገጥም ማድረግ የእኔ ሥራ እንደነበር ብቻ ዘለልኩ።

«እንግዲያው የመዝገብ ቤት ስሕተት ነዋ» አሉ ኀላፊው፤ ሸክም የወረደላቸው መሰሉ።

ሁሉም ዞሮ የኔታን አየ። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አሁን ጉድ ይፈላል፣ ሰውን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ያስቆጥሩታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይጻፍ» አሉ። «በመሪጌታ ሣህሉ ስሕተት ተብሎ ይጻፍ። ግን ጎዶሎ አትጻፉት። በዚህ ስሕተት ምክንያት ቀኑ ያለፈበት ባለጉዳይ ሠላሳው ቀን እንደ አዲስ ይቆጠርለታል ብላችሁ ጨምሩ። ስሕተት አለ ካላችሁ የተጎዳበትም ሰው አለ ማለት ነው።»

ኀላፊው ትንሽ አሰቡ፤ የሥርዓቱ ስም እስካልተነሣ ድረስ ምንም አይጎዳቸውም፤ ተስማሙ። ማስታወቂያው በዚያው ዕለት ድረ ገጹ ላይ ወጣ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው። «የኔታ፣ እርስዎ እኮ አልተሳሳቱም» አልኳቸው።

«ዐውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ሴትዮዋ መሬቷን እንጂ የኔን ሰዋስው ምን ታደርገዋለች?»

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ደብዳቤውን የወሰድኩላቸውም እኔ ነኝ፤ ማን ይውሰድላቸው ሲባል ሁሉም ዐይኑን ሰበረ። «በፈጸሙት የአጻጻፍ ስህተት» ይላል። እስክሪብቶ አወጡ፤ «ስህተት» የሚለውን በሐመሩ ሐ «ስሕተት» ብለው አረሙ፤ ከሥሩ ፈረሙና ሰጡኝ። «እንዲህ ከሆነ ይግባ፤ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው» አሉ።

እማማ ትርንጎ ቅሬታቸውን አቅርበው ማሳው ተመለሰላቸው። ሲመለስላቸው ምስጋና ሊያቀርቡ መጡ፤ ሰናይትን መረቁ፣ እኔን መረቁ፣ ኮምፒውተሩን ሳይቀር መረቁ። ከዚያ የማስታወቂያውን ቅጂ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ሰው ያነበበላቸውን በልባቸው ይዘውታል።

«ይኸ ሣህሉ የሚሉት የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት ደግሞ ራሳቸውን የኔታን ነበር። መመሪያውን በቃላቸው ያሉላቸውን ሽማግሌ መልካቸውን እንጂ ስማቸውን አያውቁትም። «አጣሞ ጽፎ ከመሬቴ ሊነቅለኝ የነበረ ሰውዬ! እጁን ምን ይዞት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። የኔታ በዐይናቸው ገሠጹኝ።

«አንድ ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ነው» አሉ። «እግዜር ይቅር ይበለው ይበሉት፣ እናቴ።»

«ይበለው እንጂ! ማሳዬ ከተመለሰልኝ ምን ቂም አለኝ።»

«አሜን» አሉ የኔታ፤ ጎንበስ ብለው፣ የሚገባውን ይቅርታ እንደሚቀበል ሰው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ እሳቸው ናቸው ያዳንዎ ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ስለ ሣህሉ ከተናገርኩ ስለ ራሴም መናገር ሊኖርብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ፈላጊን በዚያው ሰሞን አስተካከልኩት። ከምሳ መልስ ተቀምጬ ጀመርኩ፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት አለቀ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሀ ብትጽፍ፣ በየትኛውም ሰ ብትጽፍ ያገኛል። የመመሪያዎቹ ጽሑፍ የኔታ እንደጻፉት፣ አንዲት ነጥብ ሳትነካ፣ እንዳለ ነው። የመሰናበቻቸው ዕለት ጠረጴዛቸውን ሲያጸዱ ረዳኋቸው።

«አሁን ያገኛል?» አሉኝ።

«ያገኛል የኔታ።»

«ጽሑፉ ሳይነካ?»

«ሳይነካ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ «ይኼን ለመሥራት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አሉኝ።

«ሁለት ሳምንት» አልኳቸው።

«ጎበዝ! ከባድ ሥራ ኖሯል። እኔ እኮ ቀላል መስሎኝ፣ ቀድመህ ባለመሥራትህ በልቤ አዝኜብህ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንግዲህ ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምት ይውጣ እያልኩ ልነግራቸው ያልቻልኩት ይኼንን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ፣ የኔታ። ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም።

ከቀብር በተመለስኩ ማግሥት ኀላፊው ዘንድ ገባሁና ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ይነሣ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ልጻፈው፣ ልፈርም አልኩ። ዘንድሮ ወኔው ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፤ ሰው ከዘገየ በኋላ ወኔ አያጣም። ኀላፊው አልተቆጡም። የእማማ ትርንጎ ማሳ ተመርቶለት የነበረው ሰው ይግባኝ ላይ ነው፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። እማማ ትርንጎ ቅሬታቸው ከሠላሳ ቀን በኋላ የተሰማበት ምክንያት ያ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

«መሪጌታ አልተሳሳቱም ብለን ከጻፍን፣ ቀኑ እንደ አዲስ የተቆጠረው በውሸት ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ ምን ይዛ ትቆማለች?» አሉኝ።

እኚህን ሰውዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬአቸዋለሁ! ይህን ጊዜ ግን ልፈርምበት ያወጣሁትን እስክሪብቶ ወደ ኪሴ መለስኩ። የኔታም ቢኖሩ ኖሮ ተወው፣ ይቀመጥ እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ረዳቱን ከፈትኩና «መሪጌታ ሣህሉ ማን ናቸው?» ብዬ ጻፍኩ። ፈላጊ ወዲያው አመጣ። ረዳቱም እንደ ልማዱ በትሕትና መለሰ፦ «መሪጌታ ሣህሉ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያገለገሉ ሲሆን፣ በፈጸሙት የአጻጻፍ ስሕተት ምክንያት አንድ መመሪያ በፍለጋ ሳይገኝ መቅረቱ በማስታወቂያ ተገልጿል።» ከሥሩ ምንጩን አስቀምጧል። ስማቸው ያለበት ገጽ እሱ ብቻ ነው። መመሪያዎቹን ሁሉ ጽፈው አንዱም ላይ ስማቸውን አላኖሩም። በእሳቱ ሳ ሞከርኩት፣ በሐመሩ ሕ ሞከርኩት፤ ያለ አንዲት ስሕተት ያንኑ መለሰልኝ። እንዲህ እንዲሠራ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ረዳቱ ግን አያገኘውም፤ የሚያነበው የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ብቻ ነው።